ክዳኑን የከፈተው

አሮጊቷ የሞቱት በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። አንሶላው እስከ አገጫቸው ተስቦላቸዋል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ፊታቸው ላይ ግን ሌሊቱን ሲታገሉት ያደሩት ሕመም አሻራውን ትቷል። ከራስጌያቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መነጽራቸው፣ የልብ መድኃኒታቸውና እስከ ግማሽ የተበላ የሾርባ ሳህን ነበሩ። በዚያ ጠዋት ሳህኑን ለማንሳት የደፈረ ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። እሷ ፊት የተነገረ ሁሉ ይነፋል፤ ደቃቁ ያልፋል፣ ግርዱ እጇ ላይ ይቀራል። ቅጽል ስሟን ታውቃለች፤ አልወደደችውም፣ አልጠላችውምም።

ሐኪሙ በር ላይ ጠበቃት። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጠርቶ ሲመጣ አሮጊቷ ካለፉ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል።

«ልባቸው ድሮም ደካማ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከትናንት ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲያስመልሳቸው አድሯል። ቤተሰቡ ያልፋል ብሎ ጠበቀ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ መርዝ አለው። ጤነኛ ሰው አንድ ሁለት ቀን ይማቅቅና ይነሳል። እሳቸው ግን አልቻሉትም። ይህንኑ ለቤተሰቡ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሲነግሯቸው ሁሉም ነበሩ?»

«ሁሉም። ከዚያ ወዲህ ነው ቤቱ የታመሰው።»

ወንፊት የአልጋው ጠርዝ አጠገብ በርከክ ብላ ከሳህኑ አንዲት ቦሎቄ በማንኪያ አወጣችና በጣቶቿ ጫነቻት። እንደ ቅቤ ሟሸሸች። ሌላ አወጣች። ይህችኛዋ ከጣቷ አምልጣ ወለሉ ላይ ነጠረች። አሥር ፍሬ እየለየች ሞከረች፤ ሰባቱ ጠንካሮች ነበሩ። እጇን ጠረገችና ወደ ሳሎን ወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች፣ አራት ማዕዘን ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ ከቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ጠባብ ሱቅ ያለው ቁልፍ ሠሪ። ሁለተኛዋ የሱ ሚስት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ሦስተኛዋ የቁልፍ ሠሪው ታላቅ እህት፣ ሁለት መንገድ አልፋ የምትኖር ፀጉር ሠሪ ናት። አራተኛው በውጭው ደረጃ ወጥተው ፎቁ ላይ የሚኖሩት ተከራይ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው።

ፀጉር ሠሪዋ መርማሪዋን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

«ብዙ አይድከሙ፣ ኢንስፔክተር። እናቴን የገደለቻት ይቺ ናት! ያቺን የኤሌክትሪክ ድስቷን ጥዳ ወጣች፤ ቦሎቄውን ሳታፈላ። አምናም፣ ይህ ድስት ገና ሳይመጣ፣ ቦሎቄዋ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ጥሎን ነበር!»

ምራቲቱ አልተከላከለችም። ቀና ብላም አላየችም። «እውነቷን ነው» አለች። «እኔ ነኝ።»

ቁልፍ ሠሪው እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ምንጣፉን ያያል። ወንፊት ሰው ጥፋቱን እንዲህ ሲሸከም ማየት አትወድም። ቶሎ የተነሳ ሸክም አንዳንዴ የሌላ ሰው እንደሚሆን በሥራዋ ብዙ ጊዜ አይታለች።

«ድስቱን አሳዪኝ» አለቻት።

*

ኩሽናው ጠባብና ንጹሕ ነው። በምግብ ማስቀመጫዎቹ ሁሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በደቃቅና ቀጥ ባለ ጽሕፈት የያዙት ነገር ተጽፎባቸዋል። እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ሶኬቱ አጠገብ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ፣ የመስታወት ክዳን ያለው ድስት ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ «1፡00 ገባ፤ 10፡00 ይወጣል፤ አይከፈት» የሚል ፕላስተር አለ። ይህ ድስት ከሦስት ወር በፊት ወደዚህ ቤት ሲመጣ ደስ ያለው ከምራቲቱ በቀር ማንም አልነበረም። አሮጊቷ ሳይንተከተክ፣ ሳይጮህ ቀኑን ሙሉ መቀመጡን አይተው «እንቅልፋሙ» ብለው ሰየሙት። ልጃቸውም እናቱን ደግፎ ሁሉም በተሰበሰቡበት ማለ፦ «ከዚህ እንቅልፋም አንድ ማንኪያ ብቀምስ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውም ራቱም ዳቦና እንቁላል ሆነ። አሮጊቷ ግን ጥርስ የላቸውምና፣ እየተሳደቡም ቢሆን ለስላሳውን ሥጋ መብላት ከጀመሩ ቆይተዋል።

«ትናንት ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች ወንፊት። «ትንሽ ነው ብለሽ የምታስቀሪው ነገር እንዳይኖር።»

«ቦሎቄውን ማክሰኞ ማታ ዘፈዘፍኩ። የሁለት ቀን ነው በአንዴ የምዘፈዝፈው። ግማሹ ለዕለቱ፣ ግማሹ ለማግስቱ፤ የማግስቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ትናንት ጠዋት ካሮቱን ከሥር ደረደርኩ፤ ሙቀቱ ከሥርና ከዳር ስለሆነ የሚመጣው ከላይ ከሆነ አይበስልም። ከዚያ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቦሎቄ። ከድስቱ ሁለት ሦስተኛ አላሳልፍም። ዝቅተኛው ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ።»

«ቦሎቄውስ ፈልቶ ነበር?»

ምራቲቱ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። «እንጃ።»

«እንጃ ማለት?»

«ሁልጊዜ እምድጃው ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ አንተክትኬ፣ ውሃውን ደፍቼ ነው የማስገባው። አምና ከታመምን ወዲህ አንብቤ ነው የገባኝ። እንቅልፋሙ አያፈላም፤ ማሞቅ ብቻ ነው። ሞቆ የቀረ ቦሎቄ ደግሞ ከጥሬው ይብሳል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ከኔ ሌላ ድስቱን የሚነካ የለም ብዬ። ትናንት ግን…» ወደ ምድጃው ዞረች። «ከእማማ ጋር ተጣላን። 'ይሄ ድስት አንቺን ይመስላል፤ እሳት የለውም' አሉኝ። እኔም 'እንግዲያው አይብሉት፤ ጾምዎን ይደሩ' አልኳቸው። ይሄው ነው የመጨረሻ ቃሌ። ከዚያ በኋላ እጄ ምን እንደሠራ አላስታውስም። ሌሊቱን ሙሉ ላስታውስ ብሞክር፣ የሚታየኝ የሳቸው ፊት ብቻ ነው።»

ወንፊት ምድጃውን ተመለከተች። የኋላው ምድጃ ላይ አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ሳትታጠብ ቆማለች። አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ ውስጧን አይታ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ድስት ሳታጥቢ ትወጫለሽ እንዴ?»

«በጭራሽ! ትናንት ግን እንባዬን ይዤ ነው የሮጥኩት።»

ከመደርደሪያው ጥግ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ምራቲቱ ያበሰለችውን ሁሉ የምትመዘግብበት ነው፦ ቀን፣ የገባው፣ ሰዓት፣ ውጤት። ወንፊት ቆማ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። በመጀመሪያው ወር ውጤቱ «ጥሩ»፣ «ሥጋው ለስላሳ»፣ አንድ ቀን «እማማ ሁለቴ አስጨመሩ» ይላል። ከሁለተኛው ወር ወዲህ ግን «ቀጠነ» የሚለው ቃል ይደጋገማል።

«ምንድን ነው ያቀጠነው?»

«እሱን ብደርስበትማ! ክዳኑ ግጥም ያለ ነው፤ ውሃው አይተንም፣ ሽንኩርቱም ውሃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ውሃውን እየቀነስኩ መጣሁ። እኔ ስቀንስ እሱ ይባስ ይቀጥናል። እጄ ነው የማይረባው ብዬ ተውኩት።»

«ቅዳሜና እሑድ ግን አይቀጥንም።»

ምራቲቱ ደብተሩን ተቀብላ አየች። ከእሷ ጽሕፈት ውስጥ ይህን ያነበበችው ገና አሁን ነው። «እውነትም» አለች። የትናንቱ መስመር ላይ ቀኑ፣ የገባውና ሰዓቱ ተጽፏል፤ የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው።

ወንፊት ፍሪጁን ከፈተች። የማግስቱ ቦሎቄ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው፤ ክዳኑንና ሳህኑን አንድ ላይ የያዘ ፕላስተር ላይ «ለነገ፤ ሦስት ኩባያ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ኩሽና ኩባያ ብትሰፍረው ሁለት አልሞላም። ፕላስተሩን በጥንቃቄ ላጠችና ገለበጠችው። ሙጫው ላይ፣ ከዱቄት የደቀቀ ቢጫ ነገር ተጣብቆ ያብረቀርቃል። ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

በመጨረሻ እንቅልፋሙን ከፈተች። ምሽት ላይ አሮጊቷን ሲያስመልሳቸው ማንም ራት አልበላምና፣ ድስቱ የሳቸው ሳህን ከተቀዳ ወዲህ አልተነካም። በጭልፋ ከላይ ቀድታ አንድ የሻይ ሳህን ላይ፣ ከመሀል ቀድታ ሌላ ላይ፣ ከሥር ቀድታ ሦስተኛ ላይ አደረገች። እያንዳንዱን ቦሎቄ እየጫነች ስትሞክር ምራቲቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ፍርዷን እንደምትሰማ ሰው ትጠብቃለች።

*

ፀጉር ሠሪዋ ስትጠየቅ የመጀመሪያው ወኔዋ ቀዝቅዞ ነበር።

«አሥር ሰዓት ላይ መጣሁ። እማዬ መድኃኒቷን ከምግብ ጋር ነው የምትወስደው፤ ስለዚህ እኔ ቀድቼ አቀርብላታለሁ። ከላይ ከላዩ ቀዳሁ፤ አታማስሉ፣ ሥጋው ይፈራርሳል ትለናለች ይቺ።»

«በሩን ማን ከፈተልሽ?»

«እማዬ ናታ! ወንድሜ የከተማውን ቁልፍ ሁሉ ይቀርጻል፣ ለእህቱ ግን አንድ አልቀረጸም። ቁልፍ ያላቸው እሱና ሚስቱ ናቸው። ደግሞ ከስምንት ሰዓት በፊት ብመጣ ማንም አይከፍትልኝም። እማዬ ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት የጆሮ መሣሪያዋን አውልቃ ትተኛለች፤ ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም።»

«ሲበሉ ምን አሉ?»

ፀጉር ሠሪዋ መሀረቧን ጨበጠች።

«'አንዳንዱ ይቆረጥማል' አለችኝ። እኔም… 'ብዪው፣ የቀረውን እንዳለ አስቀምጪላት፤ ማታ ስትመጣ ታሳያታለሽ' አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ስህተት ተገኘባት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ሳህኑን ብቀማት ኖሮ ግማሹን አትበላውም ነበር።»

እዚህ ላይ አለቀሰች። ወንፊት እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። የሚያጽናና ቃል ግን አልሰጠቻትም።

መምህሩ ደግሞ ሳይጠየቁ ነው የጀመሩት።

«እኔም ንስሐ አለብኝ። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ካውያዬን ስሰካ መብራቱ ጠፋ፤ የታችኛውም ጭምር። ቆጣሪው ደረጃው ሥር ነው። ወርጄ እስክመልሰው አርባ ደቂቃ ሄደ። ተናደው ያስወጡኛል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ድስቱ በዚያ ሰበብ ሳይበስል ቀርቶ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ክዳኑ ካልተከፈተ ሸክላው አርባ ደቂቃ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አይጨነቁ። መስኮትዎ ከኩሽናው በላይ አይደል? ሽታው ይደርስዎታል?»

የመምህሩ ፊት ፈካ። «ምን ጥያቄ አለው! ቀኑን ሙሉ በስሱ ይሸታል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን በአንዴ ግጥም ብሎ ይመጣል። እኔ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ለምጄዋለሁ። እሱን እያሸተትኩ ነው ደረቅ ዳቦዬን የምቆርሰው።»

«በየቀኑ?»

«በሥራ ቀን ሁሉ።» መምህሩ ቆም አሉና የሒሳብ ሰው መሆናቸው ትዝ አላቸው። «ይገርማል፤ ስድስት ተኩል ላይ ቤት ውስጥ ከተኙት አሮጊት በቀር ሰው የለም እኮ።»

*

ቁልፍ ሠሪውን ያገኘችው ጓሮው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። ደልደል ያለ፣ ፊቱ ክብ ሰው ነው። ቀበቶው ላይ የድሮው ቀዳዳ ተለጥጦ ይታያል፤ አሁን የሚታሰረው ከዚያ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ አልፎ ነው።

«ትናንት ቀትር የት ነበርክ?»

«ሱቅ። ዘግቼ ምሳ በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ያው፣ ዳቦና እንቁላል። ሦስት ወር ሆነኝ።»

«ማን አየህ?»

«ዘግቼ ነው የምበላው፤ ማንም።»

የሱ ዓይን ከሷ ጫማ ወደ ቀበቶው፣ ከቀበቶው ወደ አጥሩ ተንከራተተ።

«ሚስትህ ቦሎቄውን ሳታፈላ ያስገባች ይመስልሃል?»

«ሐኪሙ አልፈላም ካለ… ረስታ ይሆናል። ሰው አይደለች? ይረሳል።»

«አዎ» አለች ወንፊት። «ይረሳል።»

ወደ ቤት ስትመለስ ከኋላዋ አንድ ነገር ሰማች፦ ሰውየው ግድግዳውን በጡጫ መታው። ዞራ አላየችም።

*

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም ኩሽና ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቦታው ስለማይበቃ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሦስቱ የሻይ ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ጎናቸው ያልታጠበችው ብረት ድስት፣ ደብተሩና ፖስታው አሉ።

«እዚህ ቤት ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ሰው በዝቷል» ብላ ጀመረች። «እንዲህ ያለ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። መምህሩ በካውያቸው፣ ፀጉር ሠሪዋ በደስታዋ፣ ምራቲቱ በመርሳቷ። ሦስቱም የሚጸጽት ነገር ሠርተዋል ወይም ሠርተናል ብለዋል። አሮጊቷን የገደላቸው ግን ከሦስቱ አንዱም አይደለም።»

ብረት ድስቷን አንስታ ለሁሉም አሳየች። ከአፏ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያዋን ቀላ ያለ የደረቀ አረፋ ከቧታል።

«ቦሎቄ ሲንተከተክ አረፋ ያወጣል፤ ተዘፍዝፎ ብቻ ከሆነ አያወጣም። ይቺ ድስት በየቀኑ ትታጠባለች፤ ትናንት ብቻ ባለቤቷ እያለቀሰች ሮጣ ወጣች። እግዜር ይስጣት፣ ባትሮጥ ኖሮ ማስረጃው በሳሙና ይሄድ ነበር። አንቺ ቦሎቄውን አፍልተሻል። እጅሽ ያውቀዋል፤ የረሳው ጭንቅላትሽ ነው።»

ምራቲቱ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«የለም እኮ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እማዬ ይቆረጥማል ብላለች፤ እኔው ራሴ ሰምቻለሁ!»

«ትክክል ነሽ፤ ይቆረጥማል። የትኛው ግን?» ወንፊት ሳህኖቹን ወደ ፊት ገፋች። «ይህ ከሥር የተቀዳ ነው፤ ሁሉም ለስላሳ። ይህ ከመሀል፤ አሁንም ለስላሳ፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ብቻ ገብቶበታል። ይህ ከላይ የተቀዳ ነው፤ አብዛኛው ጠንካራ። ምራቲቱ ረስታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። አንድ ድስት ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ቦሎቄና ሦስት ሰዓት ከምናምን የቆየ ቦሎቄ አለ። ሁለተኛው ሲገባ አልፈላም፤ የመጣው ከፍሪጅ ነው። ሦስት ኩባያ መሆን የነበረበት ሁለት አልሞላም። እናንተ አታማስሉ ስለተባላችሁ ላዩ ላይ እንደተኛ ቀረ፤ አሮጊቷም የተቀዳላቸው እሱ ነው።»

መምህሩ ቀስ ብለው «ስድስት ሰዓት ተኩል» አሉ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል። በሥራ ቀን ሁሉ አንድ ሰው ይህን ክዳን ይከፍታል። ቁልፍ አለው፤ አሮጊቷ መተኛታቸውን ያውቃል። ቀድቶ ይበላል፤ የጎደለው እንዳይታወቅበት ደግሞ ውሃ አፍልቶ ይሞላል። ሾርባው የሚቀጥነው ለዚህ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ምራቲቱ ቤት ስትሆን ብቻ ወፍራም የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያቺ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ እጄ ነው የማይረባው ስትል፣ እጇ ላይ ምንም ነውር አልነበረም።»

ወንፊት ፖስታውን አነሳች። የፍሪጁ ሞተር ብቻ ይሰማል።

«ትናንት ግን ብዙ በላ። ውሃ ብቻ ቢጨምርበት ያስታውቅ ነበር። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቦሎቄ ታየው።» ፖስታውን ከፍታ ፕላስተሩን አወጣች። «ሳህኑን ለመክፈት ይህን መላጥ፣ ከዚያ መልሶ መለጠፍ ነበረበት። ሙጫ የነካውን ይይዛል። ይህ ብናኝ ነሐስ ነው፤ ቁልፍ ሲቀረጽ የሚረግፈው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፣ ፀጉር ቤትም አይገኝም። ዳቦና እንቁላል ብቻ እየበላም ሦስት ወር ውስጥ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ያሰፋ ሰው እኔ አላውቅም።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ቁልፍ ሠሪው እጆቹን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ ከዚያ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ገባውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫው ይታይ ነበር።

«የሚበስል መስሎኝ ነው» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል፣ ቦሎቄ ቦሎቄ ነው፣ ይበስላል አልኩ። በማንኪያ ጫን ጫን አድርጌ ከደንኩት። መርዝ አለው ብሎ የነገረኝ የለም! እናቴን… በእናቴ… እኔ እንዴት…»

«አላወቅህም፤ እንደዚያው አድርጌ እጽፋለሁ» አለች ወንፊት። «ዛሬ ንጋት ሐኪሙ ቦሎቄው አልፈላም ሲል ግን አወቅህ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሚስትህ ገዳይ ነኝ ስትል ቆመህ ሰማህ። ጓሮ ውስጥ ስጠይቅህም 'ረስታ ይሆናል' አልከኝ። እሱንም እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ሕግ ይመዝነዋል። ሁለተኛውን እኔ አላውቅም ማን እንደሚመዝነው።»

ቁልፍ ሠሪው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው በአንዴ ሲቀመጥ ኩሽናው ይበልጥ ጠበበ።

«ፈራሁ» አለ። «እናቴን ገደልኩ ከማለት እሷ ረሳች ማለት ቀለለኝ። በየደቂቃው አሁን እናገራለሁ እል ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ወንድሟን አየች፤ ከዚያ ጠዋት ገዳይ ያለቻትን አየች። ወደሷ አንድ እርምጃ ሄደችና «ይቅር በይኝ» አለቻት። ምራቲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ግን ከባሏ አልተነሳም።

«ሦስት ወር ሙሉ» አለች። «ማታ ማታ ሳህን ሳቀርብልህ ገፍተህ ዳቦህን ትቆርሳለህ። እማማ ሲስቁ አብረህ ትስቃለህ። እኔ ደግሞ ለማን ነው የማበስለው እያልኩ ደብተር እሞላለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ምዬ ነበር። እናቴ ፊት ምዬ… በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ነው የቀመስኩት፤ ለማሾፍ ብዬ። ከዚያ በኋላ መተው አቃተኝ። እንዴት ብዬ ልመለስ? ትስቁብኛላችሁ አልኩ።»

«ይጥምህ ነበር?»

ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህ ይመስላል ሰውየውን የሰበረው። ፊቱን በቢጫ ጣቶቹ ሸፍኖ እንደ ልጅ አነባ። «ከሱ የሚጥም ነገር በልቼ አላውቅም» አለ።

«አንድ ቀን ይሄን ብትለኝ ኖሮ» አለች ምራቲቱ፣ «ምሳህን ለብቻው ከድኜ አስቀምጥልህ ነበር። ለማንም አልናገርብህም ነበር። እማማም ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

ወንፊት ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ሥራዋ አልቋል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ግን እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም። ድስቱን ለማስረጃ እንደምትወስደው ተናገረች። ቁልፍ ሠሪውንም ቃሉን ለመስጠት አብሯት እንዲመጣ ነገረችው፤ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ።

«ቆዩኝ፣ ኢንስፔክተር» አለች ምራቲቱ።

ደብተሩን ከጠረጴዛው አነሳች፤ የረቡዕን መስመር ፈለገች፤ የውጤቱን ባዶ ቦታ በጣቷ ለባሏ አሳየችው። እርሳሱን ሰጠችው።

«ጻፈው።»

እርሳሱን ይዞ ብዙ ቆየ። መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ጣፋጭ።»

ምራቲቱ አነበበችው። ደብተሩን ዘግታ መደርደሪያው ላይ በቦታው መለሰችው፤ ከዚያ ክንዷን ለፀጉር ሠሪዋ ሰጥታ፣ አሮጊቷን ለማጠብ አብረው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።